ከዳስ እስከ ስታዲየም፦ የዘፈን ጉባኤ በምዕራብ ጎጃም

ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ዘፈን የሚሰማበት ጉባኤ ዛሬ «ኮንሰርት» በሚል የውጭ ስም ይጠራ እንጂ ነገሩ ራሱ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው የጉባኤው ስፋት፣ ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያና ከሁሉም በላይ ለአድማጩ የተተወለት ድርሻ ነው። ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬንና በዙሪያቸው ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይዞ ይህን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፣ ዘፈኑ ከዳስ ወደ መድረክ፣ ከመድረክም ወደ ስታዲየም ሲዛወር ሁለት ነገሮች አብረው መለወጣቸው ይታያል። አንደኛው የአድማጩ ቁጥር ከአሥሮች ወደ አሥር ሺዎች ማደጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አድማጩ በዘፈኑ ላይ የነበረው ሥልጣን እየቀነሰ መሄዱ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ በዓይን ስለሚታይ ብዙ ተነግሮለታል፤ ሁለተኛው ግን ገና በቅጡ አልተመዘነም።

አድማጩ ግጥም ሰጪ በነበረበት ጊዜ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዘፈን ከሥራና ከበዓል ተነጥሎ የኖረ ነገር አልነበረም። ደቦ ወጥቶ ሲታረም፣ አዝመራ ሲታጨድ፣ በአውድማ ላይ እህል በበሬ ሲበራይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ተመልካች» የሚባል ወገን የለም፤ የተገኘ ሁሉ ወይ አውጪ ነው ወይ ተቀባይ።

በጥርና በሚያዝያ፣ በሠርግ ወራት፣ ዳስ ሲጣል ደግሞ አዝማሪ ይጠራል። የማሲንቆው አካል በቆዳ የተለበጠ ትንሽ የእንጨት ሣጥን፣ ድምፁም የአንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው። የዚህ ትንሽ መሣሪያ ኃይል የሚገለጸው አድማጩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ሲል ነው። አድማጩ ግጥሙን በቃሉ ይናገራል፤ አዝማሪውም ስንኝ በስንኝ ተቀብሎ ያዜመዋል። ስለዚህ በዳሱ ውስጥ የሚሰማው ዘፈን የአዝማሪው ብቻ አይደለም። የሙሽራው አጎት ምርቃቱን፣ የተጣላ ጎረቤት ቅሬታውን፣ በጭቃ ሹም የተበደለ ገበሬም በግልጽ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር በአዝማሪው አፍ ያሰማል። ቃሉ የገበሬው ነው፣ ዜማው የአዝማሪው ነው፣ ጥፋት ቢገኝበት ደግሞ ሰምና ወርቁ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ ንግግር የሠለጠነ ጆሮ ነበረው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከጎጃም ድንበር አልፎ የተጠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘፈንን ባትወድም፣ የቅኔው ትምህርት ያሳደገው የሰምና ወርቅ ልማድ ከቅኔ ማኅበር ወጥቶ በጠላ ቤትና በሠርግ ዳስ ሲሠራ ይገኛል። ስንኙ ሁለት ፍቺ እንዳለው የማያውቅ አድማጭ በዳሱ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቆጠራል።

የዚህ ጉባኤ ኃይል ምን ያህል እንደነበረ ጠላት ጭምር መስክሮለታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በመጋቢት ወር የኢጣሊያ ወራሪ መንግሥት አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር ደምሮ እንዲረሸኑ አደረገ። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የታጠቀ ኃይል አንድ አውታር ያለውን መሣሪያ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። አዝማሪ ከዳስ ወደ ዳስ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሻገር ወሬውንና የሕዝቡን ልብ ይዞ ይሄድ ነበርና።

መድረክና ድምፅ ማጉያ

በዚሁ ዘመን በመዲናይቱ ሌላ ዓይነት ጉባኤ እየተወለደ ነበር። በ1916 ዓ.ም. «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት አርመናውያን የሙዚቃ ጓድ ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በ1927 ዓ.ም. ጦርነት ባንዣበበበት ወቅት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡንም በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ነፃነት ይቀሰቅስ ጀመር። ከነፃነት በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተስፋፉ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ።

በእነዚህ አዳራሾች ውስጥ ወንበሩ በረድፍ ተደርድሮ ፊቱን ወደ መድረኩ አዞረ። አድማጩ ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል። «ተቀበል» ብሎ የሚነሣበት ሥርዓት ግን ለአዳራሹ አልተሠራለትም። ዘፋኙ የሚያዜመው ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ፣ ተለማምዶበትና በኃላፊዎች ታይቶ የቀረበ ነው። በዚህ መንገድ የሙያው ጥራት አድጓል፤ የባሕር ማዶ መሣሪያና የአገሬው ቅኝት ተጋብተው በ1960ዎቹ የታወቀውን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወልደዋል። በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ የሸክላ ሥራውን ሲጀምር ደግሞ ያ ሙዚቃ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ሻይ ቤቶች የሚጓዝበት መንገድ ተከፈተ።

ለጎጃም ግን ድምፅ ማጉያ ከቴአትር ጋር የመጣ ነገር ብቻ አልነበረም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገብተው፣ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርም ከጎጃም አርበኞች ጋር ሲዘምት፣ በጆርጅ ስቲር የሚመራ የፕሮፓጋንዳ ክፍል አብሮ ነበር። ይህ ክፍል በአማርኛ የተጻፉ በራሪ ወረቀቶችንና ድምፅ ማጉያን እየተጠቀመ፣ ከኢጣሊያ ጋር የተሰለፉ ያገር ተወላጆች ወደ ወገናቸው እንዲመለሱ ይጣራ ነበር። በየካቲት ወር መጨረሻ ኢጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ የድልና የመመለስ ጉዞ ጋር በተያያዘ ነው። እንግዲህ አንድ ድምፅ በመሣሪያ ኃይል ብዙ ሺህ ጆሮ ሊደርስ እንደሚችል፣ መልሶ የሚጠይቀው ሳይኖር እንደሚናገርም፣ ይህ አገር በጦር ሜዳ አይቶታል።

የኪነት ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የዘፈን ጉባኤ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ለረዥም ዓመታት የጸናው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች ሲያዳክም፣ በሌላ በኩል በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ጓዶች ተቋቋሙ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ወሎ ላሊበላን ሲያፈራ፣ ጎጃም ደግሞ በሰከላ ከሚፈልቀው ምንጭ ስሙን የወሰደውን የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን አቋቋመ።

ይህን ዘመን በአንድ ቃል መፍረድ ያስቸግራል። የኪነት ጓዱ ግጥም ከላይ የሚወርድ ነበር፤ የእናት አገር ጥሪን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና የመንግሥትን መመሪያ ለሕዝብ ማድረስ ግዴታው ነበር። በሠርግ ዳስ ውስጥ ጭቃ ሹሙን ይነካ የነበረው ስንኝ በቀበሌው አዳራሽ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሊነካ አይችልም። ይሁን እንጂ ይኸው ሥርዓት ቀድሞ «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ የነበረውን ሙያ የወጣቶች ሁሉ ሙያ አደረገው። የገበሬና የነጋዴ ልጆች ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። የጎጃም እስክስታም ከመንደር ወጥቶ በሌሎች ክፍለ ሀገሮች ፊት ቀረበ። ከኋላ የመጡ ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት በኪነት ጓድ ውስጥ መሆኑ አይካድም።

በዚያው ጊዜ የሬዲዮና የካሴት መስፋፋት አድማጩን በሌላ መንገድ ሰበሰበው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ ከፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለችው ከማንኩሳ ይነሣል። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለውም ገበሬ የአገሩን ታሪክ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ሰማ። ካሴቱ ደግሞ በአውቶቡስ፣ በሻይ ቤትና በሱቅ በራፍ ዘፈኑን የዘወትር ጓደኛ አደረገው። አድማጩ ለካሴቱ ግጥም ሊሰጠው አይችልም፤ ነገር ግን ደጋግሞ ስለሚሰማው ግጥሙን በቃሉ ይይዘዋል። ወደ ስታዲየም የሚሄደው አድማጭ የተሠራው እንዲህ ነው፤ ከመሄዱ በፊት ዘፈኑን ያውቀዋል።

የስታዲየም ጉባኤ

በ1990ዎቹ ጉባኤው ከአዳራሽ ወደ አደባባይ ወጣ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተከበረ። የ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም ሲከበርም በአዲስ አበባ የተሠራው የሚሊኒየም አዳራሽ በዓለም የታወቁ ዘፋኞችን አስተናገደ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቢዮንሴ በዚያ ዘፍናለች።

ለምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ቅርብ የሆነው ግን ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተደረገው የቴዎድሮስ ካሣሁን ዝግጅት ነው። ድምፃዊው በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ያሰባቸው ዝግጅቶች ታግደውበት ስለነበር፣ የባሕር ዳሩ ጉባኤ ከዘፈን በላይ ትርጉም ተሰጥቶት ነበር። በአልበሙ ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ» የተባለው ዘፈን መነሻው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ስለዚህ የማንኩሳ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ዘፈን ተሻግሮ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከፍኖተ ሰላም የሚነሣ ሰው ባሕር ዳር ለመድረስ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ለሠርግ ወደ ጎረቤት ቀበሌ በእግር ይሄድ የነበረ ሕዝብ ለዘፈን ይህን ያህል መንገድ መጓዙ ራሱን የቻለ የታሪክ ምዕራፍ ነው።

በስታዲየም ውስጥ አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር አሥር ሺዎች በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል። ይህ መቀበል ከአውድማው መቀበል የወረደ መሆኑ ግልጽ ነው። ልዩነቱ ግን ከዚህ ላይ ነው፦ የስታዲየሙ ሕዝብ የተሰጠውን ስንኝ ይመልሳል እንጂ የራሱን ስንኝ አይሰጥም። ብዛቱ ድፍረት ይሰጠዋል፤ የግል ብሶቱን የሚናገርበት አፍ ግን አይሰጠውም።

ይህ ዕጣ የጎጃም ብቻ አይደለም። በሕንድና በፓኪስታን መካከል በ1939 ዓ.ም. የተከፈለችው የፑንጃብ ምድር ገበሬዎች በመከር ወቅት በከበሮ የሚጨፍሩት ባንግራ የተባለ ጭፈራ አላቸው። ወደ ብሪታንያና ወደ ካናዳ የተሰደዱ ልጆቻቸው ከምዕራቡ ሙዚቃ ጋር አዋሕደውት በመጨረሻ ለታላላቅ አዳራሾች አበቁት። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዲልጂት ዶሳንጅ የተባለው የፑንጃብ ዘፋኝ በካናዳ በቫንኩቨር ስታዲየም ከ50,000 በላይ ሕዝብ ሰብስቧል። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው በአባቱ ቋንቋ ከብዙ ሺህ ወገኑ ጋር መዝፈኑ የሚሰጠውን ክብር በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። የመከር ጭፈራ ስታዲየም መግባቱ ኪሣራ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ በሌለበት መንደርን የሚተካ ጉባኤ ይሆናል። መንደሩ ባለበት አገር ግን ስታዲየሙ ዳሱን ሊተካው አይገባም።

ዛሬ ጥያቄው ከዚህም የከበደ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ የትጥቅ ግጭቱ ምዕራብ ጎጃምን ጎድቷል። በነሐሴ ወር ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች በደረሱ ጥቃቶች ሰላማዊ ሰዎች መጎዳታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። መንገድ ሲዘጋ የስታዲየሙ ጉባኤ ቀድሞ ይቀራል፤ መሣሪያው፣ መኪናው፣ መብራቱና ቲኬቱ ሁሉ ሰላም ይፈልጋሉና። ዳሱም ቢሆን ከሐዘን አያመልጥም። ነገር ግን ዳሱ የሚፈልገው ጥቂት ጎረቤትና አንድ ማሲንቆ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚመለሰው እርሱ መሆኑን ያለፉት ጦርነቶች አሳይተዋል። ግራዚያኒ አዝማሪዎችን አስረሽኖ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን በጎጃም የድል ዘፈን ተሰምቷል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው ባለቤቶች ሁለት ሥራ ይተርፋል። አንደኛው፣ ግጥም መስጠትና መቀበል የሚያውቁ ሰዎች ሳያልፉ፣ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን የሰጪውንና የተቀባዩን አኳኋን ጭምር መመዝገብ ነው፤ ስንኙ ብቻውን ሲጻፍ ማን ለማን እንደ ተናገረው ይጠፋልና። ሁለተኛው፣ ትልቅ ዝግጅት ሲሰናዳ ከመርሐ ግብሩ መካከል አድማጩ የራሱን ስንኝ የሚሰጥበት ጥቂት ጊዜ መተው ነው። ድምፅ ማጉያው ለዘፋኙ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ «ተቀበል!» ለሚለውም ሰው ድምፅ ሊያጎላ ይችላል።