ቡና የማን ነው? በአንድ ስኒ ውስጥ ያለ ታሪክ

ባለፈው ተርም ስምንተኛ ክፍል ስለ ቡና አመጣጥ ሳስተምር የካልዲን ታሪክ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። እረኛው፣ ቀይ ፍሬ በልተው የፈነጠዙት ፍየሎች፣ መነኮሳቱ፣ ሁሉንም። እኔም በልጅነቴ የተማርኩት እንደዚሁ ነው። አንድ የሶማሌ ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ይሄ መቼ ሆነ? ማን ጻፈው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከኋላ "ቡና የኢትዮጵያ ነው!" "አይደለም፣ የየመን ነው!" የሚል ክርክር ተነሳ፤ ደወሉ ገላገለኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ያለብኝ ዕዳ ነው።

የእረኛውን ታሪክ አሳትሞ ያወጣው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ፣ ሮም ይኖር የነበረ ማሮናዊ ምሁር ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1671 ነው። እሱም ቦታውን የመን አደረገው እንጂ ኢትዮጵያ አላለም፤ "ካልዲ" የሚለውንም ስም አልጠቀሰም። ስሙ በኋላ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ያስተማርኳችሁ ተረት ነበር። ተረት ጥሩ ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም።

ታዲያ ማስረጃው ምን ይላል? አረቢካ የሚባለው ቡና ማንም ሳይተክለው ጫካ ውስጥ የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋና በአካባቢው ነው። በደቡብ ሱዳን የቦማ ደጋም ይገኛል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ቡናን ቆልተውና ፈጭተው ከቅቤ ጋር በማድቦልቦል ለመንገድ ስንቅ ይይዙት እንደነበር ጽፏል። መጠጡን በተመለከተ ግን የቆየው የጽሑፍ ማስረጃ የሚገኘው ከየመን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ነቅተው ለማደር ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ላይ ተከለከለ፤ ክልከላው ግን አልዘለቀም።

እኔን የገረመኝ የራሳችን ታሪክ ነው። የደጋው ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን "የእስላም መጠጥ ነው" ብሎ ይርቀው ነበር። በሰፊው መጠጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ ያንን አስተሳሰብ እንዲተዉ ረድተዋል። "ከጥንት ከአባቶቻችን" የምንለው የቡና ሥርዓት በብዙ ደጋ ቤት ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን አያልፍም ማለት ነው።

አሁን ጀበናውን እንጣድ። ራሽን ላይ ቡና ስለሌለ፣ ከሱቅ የገዛናት ትንሽ ቡና መበላሸት የለባትም። ታጥባ፣ በለስላሳ እሳት፣ እጅ ሳያርፍ ትቆላ። ወዙ ወጣ ሲል ይውረድ፤ ካረረ የሚቀረው ምሬት ብቻ ነው። በሙቀጫ ይወቀጥ፣ ውሃው ሲፈላ ጀበናው ውስጥ ይጨመር። ሊገነፍል ሲል ከእሳት ይውረድና አተላው እስኪረጋ ይጠበቅ። የሚቸኩል ሰው አተላ ይጠጣል።

ሲቀዳ ደግሞ ቃላቱን አዳምጡ። "በረካ" ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ በረከት ማለት ነው። "ስኒ"ም በዓረብኛ "የቻይና" ማለት ነው፣ ከሸክላው የተነሳ። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ጀበናው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምራሉ፤ ሶማሌዎች ፍሬውን በቅቤ ጠብሰው ይበሉታል፤ የመኖች ገለባውን ያፈላሉ። ማንም ከማንም አልሰረቀም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ ዛፉ የጫካው ነው፣ መጠጡ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ነው፣ ስኒው የሚጠጣው ሰው ነው።

ለመምህራን አንድ የቤት ሥራ ልጠቁም። ተማሪዎች እናቶቻቸውን "ቡና ማፍላት ከማን ተማሩ? እሳቸውስ ከማን?" ብለው ጠይቀው ይጻፉ። ያ ተማሪ የጠየቀኝን ጥያቄም አይርሱ፦ መቼ ሆነ? ማን ጻፈው? እኔ ከአሁን በኋላ ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ።