የቡና ኮታና የደቡብ ምዕራብ ጫካ፤ ድርሻ የሚቆጠርበት ዓመት ጉዳይ

ባሕር ያላቸው መንግሥታት ዓሣ አጥማጆቻቸው በዓመት ስንት ቶን ዓሣ እንዲያወጡ አስቀድመው ይወስናሉ፤ የተወሰነውንም መጠን ለትልልቅ መርከቦችና ለትንንሽ ጀልባዎች፣ ለዚህ ወደብና ለዚያ ወደብ ያከፋፍሉታል። በዚህ ክፍያ ላይ የሚነሣው ጠብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ድርሻው በየትኛው ዓመት ይቆጠር? የአውሮፓ ማኅበር አባሎች እ.ኤ.አ. በ1983 የጋራ ባሕራቸውን ዓሣ ሲካፈሉ በዋነኛነት ከ1973 እስከ 1978 ድረስ እያንዳንዱ አገር ያወጣውን መጠን መሠረት አደረጉ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ያጠመደ ብዙ አገኘ፤ ጥቂት ያጠመደም ጥቂት አገኘ።

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ስለ ባሕር ዓሣ የምትከራከርበትም ምክንያት የለም። ነገር ግን ጠባዩ ከዚህ የማይለይ ኮታ በቡናችን ላይ ተጥሎ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን ቡና የተገኘው ከከፋ ነው ብሎ ሲያስተምረን ደስ ይለን ነበር፤ ያ ቡና ከጫካው ወጥቶ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ስንት በር ማለፍ እንዳለበት ግን አልነገረንም። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ነው፤ የዓለም የቡና ድርሻ እንዴት እንደ ተከፈለና እንደገና እንደ ተደለደለ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰውም ድርሻ በአገር ውስጥ ለማን እንደ ደረሰ፣ በተለይም ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን በመሰለው ሩቅ አገር ለሚኖረው ገበሬ ምን ማለት እንደ ነበር።

ስለ ድርሻው ከመናገሬ በፊት ስለ መንገዱ መናገር ይገባኛል። ዛፉን የቆጠረ ማንም የለም፤ የተቆጠረው በወደብ የተጫነው ጆንያ ነውና።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የምዕራቡ ቡና አንዱ መውጫ ጋምቤላ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የጎሬንና የአካባቢውን ቡና ይጭኑ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል ንግዱም አብሮ ይተኛል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ጣሊያኖችም በወረራው ጊዜ የአዲስ አበባንና የጅማን መንገድ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ቡናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ጋምቤላም ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ስትመለስ የቀድሞ ገበያዋ ደብዝዞ ነበር።

እንግዲህ ጅማ ድረስ መኪና ይገባል። ከጅማ ወዲያ፣ ቦንጋን አልፎ እስከ ሚዛን ተፈሪ ያለው አገር ግን ዝናቡ የበዛ፣ ደኑ የጠቀጠቀ፣ ወንዙ በክረምት የማይደፈር ነው። ጀንፈሉ በበቅሎ ይጓዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ከደቡብ ምዕራብ ቡና ይጭኑ እንደ ነበር ስንሰማ ያስደንቀን ይሆናል፤ ሆኖም በቡና ላይ የአየር ጭነት ዋጋ ሲጨመርበት ለገበሬው የሚተርፈው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። (ከዚሁ አገር ያለ አንዳች ኮታ የወጣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዘሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ አካባቢ ያሰበሰበው የቡና ዘር በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ፓናማ ደርሶ ዛሬ በዓለም እጅግ ውድ ከሆኑት ቡናዎች አንዱ ሆኗል።)

አሁን ወደ ስምምነቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1954 እጅግ ከፍ ብሎ የነበረው የቡና ዋጋ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እየወረደ ሄደ፤ ብራዚልም ገዢ ያጣ ቡና በመጋዘን ከምራ ተቀመጠች። ኢትዮጵያ ብሔራዊ የቡና ቦርድን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋመችው በዚሁ ዘመን ነው። የኩባ አብዮት ያስደነገጣት አሜሪካም የላቲን አሜሪካ ገበሬ ሲደኸይ ዝም ብላ ማየቱን ስላልፈቀደች፣ መስከረም 18 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በኒው ዮርክ ለፊርማ ቀረበ። አምራቹም ሸማቹም በአንድ ማኅበር ገቡ፤ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ሺሕ ድምፅ ተሰጠ፤ አምራቾቹም የየራሳቸውን ድምፅ ያገኙት በዋነኛነት በኮታቸው ልክ ነበር። ስለዚህ ኮታው የንግድ ልክ ብቻ አልነበረም፤ ኮታውን ለመለወጥ በሚደረገው ክርክር የሚሰጠው ድምፅም ራሱ ከኮታው ይመነጭ ነበር። ብዙ ያለው ብዙ ይናገራል ማለት ነው።

ክፍፍሉ እንዲህ ነበር። ብራዚል 18,000,000 ጆንያ፣ ኮሎምቢያ 6,011,280 ጆንያ፣ ኢትዮጵያ 850,000 ጆንያ አገኙ። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ የኛ ድርሻ 51,000 ቶን ይሆናል። መሠረቱም ባለፉት ዓመታት ወደ ውጭ የተላከው መጠንና የየመንግሥቱ የመደራደር ኃይል ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ በቤቱ ቆልቶ የሚጠጣው ብዙ ቡና በዚህ ሒሳብ አይገባም። መንገድ በማጣት በጫካ ወድቆ የቀረውም አይገባም። እንደ እኔ አስተያየት የኢትዮጵያ ድርሻ መጀመሪያ የጠበበው አገሪቱ ቡና ስላነሳት አይደለም፤ ከቡናዋ ትልቅ ክፍል ገና ወደብ ሳይደርስ መዝገቡ ስለተዘጋባት ነው።

ነገር ግን መዝገቡ ለዘላለም ተዘግቶ አልቀረም፤ ይህንንም ሳይናገሩ ማለፍ ከእውነት መራቅ ይሆናል። የአፍሪካ አምራቾች ከመጀመሪያው ጀምሮ ድርሻችን አነሰ እያሉ ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ ቡናን በአራት ወገን ከፈለ፤ የኮሎምቢያ ለስላሳ፣ ሌሎች ለስላሳዎች፣ ያልታጠበ አረቢካና ሮቡስታ። የአንዱ ወገን ዋጋ ሲወጣ የዚያ ወገን ኮታ ይሰፋል፤ ሲወርድም ይጠባል። ኢትዮጵያ ቡናዋን በፀሐይ የምታደርቅ ስለ ነበረች ከብራዚል ጋር በአንድ ወገን ተመደበች፤ የጅማና የሚዛን ገበሬ ዕድል በሳንቶስ ወደብ ዋጋ መወሰኑ ነው። በ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) አዲስ ስምምነት ግን የኢትዮጵያ ኮታ ወደ 1,494,000 ጆንያ ከፍ አለ። የብራዚል 20,926,000፣ የኮሎምቢያም 7,000,000 ሆነ። ከፊተኛው ጋር ብናስተያየው ሁለቱ ታላላቆች ከመቶ አሥራ ስድስት ያህል ብቻ ሲጨምሩ የኛ ከመቶ ሰባ አምስት በላይ ጨምሯል። በዚህ ድልድል ኢትዮጵያ ከተጠቀሙት ወገን ናት፤ ተደራዳሪዎቿም ሊመሰገኑ ይገባል።

ታዲያ ይህ ጭማሪ ጫካው ድረስ ዘለቀ ወይ?

ይህን ለመመለስ የኮታውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የቡናው ዓመት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ነው። በስምምነቱ መሠረት አንድ አገር በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከድርሻው ከመቶ 30፣ እስከ ሁለተኛው መጨረሻ ከመቶ 60፣ እስከ ሦስተኛው መጨረሻ ከመቶ 80 በላይ መላክ አይችልም ነበር። እያንዳንዱ ጭነት የመነሻ አገር የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ በኋላም ቴምብር ተጨመረበት። ወረቀቱ የተወሰነ ሲሆን ወረቀቱ ራሱ ዋጋ ያወጣል። ቡና ያለው ሰውና የመላክ ፈቃድ ያለው ሰው ሁለት ሰዎች ሆኑ ማለት ነው።

ገበሬው ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፤ አቅራቢው አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ አምጥቶ ለላኪ። በአዲስ አበባ መጋዘን ያለው ላኪ ሩብ ዓመቱ እስኪከፈት ቡናውን አስቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። በሚዛን ያለው ገበሬ ግን የሚጠብቀው ግብር ሰብሳቢው ነው፤ ዕዳ አለበት፤ ጀንፈሉም በዚያ እርጥበት አገር ሻጋታ ያገኘዋል። ስለዚህ መጠበቅ የሚችለው የሚጠብቅበትን ዋጋ መጠበቅ ከማይችለው ላይ ይቀንሳል። ኮታው የዓለምን ዋጋ ደግፎ መያዙ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ከተደገፈው ዋጋ ላይ የሚገኘው ትርፍ በመንገዱ ርዝመት ልክ እየተቆነጠረ እንደሚሄድ ለማወቅ የተለየ ጥበብ አያስፈልግም።

በጎን ሌላ በር ነበር። ጃፓን፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ሳውዲ ዓረቢያ፣ ሱዳንና ሌሎችም «አዲስ ገበያ» ተብለው ከኮታው ውጭ ተደረጉ። ወደ እነርሱ የፈለጉትን ያህል መላክ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ነው። ወዲያው ነጋዴዎች ብልሃት አገኙ፤ በርካሽ የተገዛው ቡና ወደዚያ የሄደ መስሎ በመንገድ ዞሮ ኮታ ወዳለበት ገበያ ይገባ ጀመር። በንግዱ ቋንቋ «ቱሪስት ቡና» የተባለው ይህ ነው። ስሙ ያስቃል፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን አያስቅም፤ የቱሪስቱን ትርፍ የሚያገኘው አሻጋሪው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ አባሎቹ በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው ኮታው ተሰናከለ። ይህ የእረፍት ጊዜ ለቡና ታሪክ እጅግ ባለጸጋ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወደቀው ውርጭ ዋጋውን አናወጠው፤ በ1969 ዓ.ም. ዋጋው ያልተሰማ ከፍታ ደረሰ። በኢትዮጵያ ደግሞ አብዮት ፈንድቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ትርፉን የሚያዩት ዓይኖች እንግዲህ የመንግሥት ሆኑ። ዶላር ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን በ1969 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ እየሰጠች በለውጡ የኢትዮጵያን ቡና እስከ መቀበል ደረሰች፤ ኢትዮጵያ ቡናዋን በጥሬ ገንዘብ መሸጥ እንደሚሻላት ስትረዳ ግን ውሉ ብዙ አልቆየም።

የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ። ኮታው በ1973 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1980) ሲመለስ በአገር ውስጥ ያገኘው ሥርዓት ሌላ ነበር። ከዚህ በፊት ክርክሩ በላኪዎች መካከል ነበር፤ አሁን ሦስት ወገኖች ቆሙ፤ ገበሬው ከነማኅበሩ፣ የመንግሥት እርሻዎችና የግል ነጋዴው። ድልድሉን የሚያደርገው መንግሥት ከሦስቱ የአንዱ ባለቤት ነው። ኮርፖሬሽኑ ከውጭ ንግዱ የአንበሳውን ድርሻ ያዘ፤ ለግል ነጋዴው ጥቂት ቀረለት። ከሚዛን ወደ ደቡብ ምዕራብ በበቃ ላይና በቴፒ ሰፋፊ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ። ከአገሪቱ ምርት ሲታዩ ትንሽ ነበሩ፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ብድሩም ማሽኑም ባለሙያውም በአመዛኙ ወደ መንግሥት እርሻ ይሄድ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

የገበሬው ዋጋ በመንግሥት ይወሰናል፤ በላኪነቱ ላይ ታክስ አለ፤ ከዓለም ዋጋ የሚደርሰውም ከግማሽ ያነሰ ነበር። የሐረር ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። የሚዛን ገበሬ ቡናው ከደን ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ ስለዚህ የሚቀለው ሳይለቅም መተው ወይም እንክብካቤውን መቀነስ ነበር። ባገራችን ገጠር «ኮታ» የሚለው ቃል ዛሬም ክፉ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእህል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ የሚሰበስበው እህል ስሙ ይኸው ነበርና። ለንደን ላይ ኮታ ማለት ዋጋን የሚጠብቅ ጣሪያ ነው፤ በገበሬው ደጅ ግን ያለ ፈቃዱ የሚያስረክበው ግዴታ ነበር። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራነው እኛ ነን።

ዓለም አቀፉ ኮታ በ1978 ዓ.ም. በብራዚል ድርቅ ምክንያት ቆሞ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰ፤ ሰኔ 27 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1989) ፈጽሞ ወደቀ። የወደቀበትም ምክንያት ይኸው የድልድል ጠብ ነው። አሜሪካና የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ሸማቹ የሚፈልገው ለስላሳ ቡና ስለሆነ ድርሻው ይስፋ አሉ፤ ብራዚል ከመቶ ሠላሳ በላይ የሆነውን ድርሻዋን አልቀንስም አለች። በርካሽ ከኮታ ውጭ የሚሸጠውም ቡና ገዢዎችን አስቆጥቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ያህል ተቆረሰ። ይህ የሆነው ኢትዮጵያ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ስታውጅና ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የኮርፖሬሽኑን የበላይነት ስታነሣ ነው፤ ገበሬው ከአንድ ገዢ ነፃ የወጣው የሚሸጠው ነገር ዋጋ ባጣበት ሰዓት ነበር።

ዛሬ ኮታ የለም። የበበቃና የቴፒ እርሻዎች ወደ ግል ይዞታ ተዛውረዋል፤ የጫካ ቡና ገበሬዎች የራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው፣ አፈጻጸሙም ከአንድ ጊዜ በላይ የተላለፈው ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑም ሊረጋገጥ ይገባል። እንደገና አንድ የመቁጠሪያ ቀን ተቆርጧል። በሸኮና በየኪ ጫካ ሁለት ሦስት ጥማድ በማይሞላ መሬት ላይ ከአያቱ የወረሰውን ቡና የሚለቅም ገበሬ ማሳውን ማን ይለካለታል፤ የመለኪያውንስ ወጪ ማን ይከፍላል?