ፒክአፕ ስላችሁ ቶዮታ እንዳይመስላችሁ

ወዳጆቼ፣ ፒክአፕ ስላችሁ ቡና የሚጭነው ቶዮታ እንዳይመስላችሁ። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የምትቀመጠውን ትንሽ ዕቃ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጋሮ ያሉ አንድ ጋሼ፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በደርግ ዘመን፣ በኪነት ቡድን የተጫወቱበትን ጊታር ይዘውልኝ መጡ። ድምፅ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። «ለልጅ ልጄ ሰርግ አንድ ዘፈን ልጫወትበት» አሉኝ። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የታሪክ አስተማሪን ምን አገባው ለምትሉ፣ ነገሩ ራሱ ታሪክ ነው እኮ! ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ፋራዳይ ያሳየው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ጊታር በነሐስ መሣሪያዎች ድምፅ እየተዋጠ ሲያስቸግር፣ ቦሻምፕና ሪከንባከር የተባሉ ሰዎች ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ከክሩ ሥር አደረጉ። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ ጅረት ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ናይለን ክር ብታስሩበት ግን ፒክአፑ ዝም ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጊብሰኑ ሴት ላቨር ሁለት ጥቅል አጣምሮ ያንን አሰልቺ «ዝዝዝ» ድምፅ አጠፋው።

እኛም ጋ መጀመሪያ የገነነው ነሐሱ ነበር፤ ከአርመኖቹ አርባ ልጆች እስከ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ። በኋላ ግን ጥቂት ሰዎች ጊታርና አምፕሊፋየር ይዘው አዳራሽ መሙላት ቻሉ። ማሕሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»ን የሠራው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው፤ የባንዱ ጊታሪስት ሰላም ወልደማርያም ነበር። የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄም የጅማ ልጅ ነው፣ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ተወለደ።

ወደ ጋሼ ጊታር ልመለስ። በቴስተር ስለካው አንደኛው ፒክአፕ ምንም አያነብም፤ ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ ውስጡ ተበጥሷል። ምትኩን አዲስ አበባ ካለ ወዳጄ አስላክሁ። ለካሁት፣ 6 ኪሎ ኦም፣ ጤነኛ ነው። በሊድ አጣበቅሁት። ሁለቱን ፒክአፕ አንድ ላይ ስከፍት ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነብኝ! ለካ የአዲሱ ጥቅል አቅጣጫ ከነባሩ ተቃራኒ ኖሮ እርስ በርስ እየተጣፉ ነው። የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ሳለዋውጥ ድምፁ ሞላ።

የተበላሸውን ልጥለው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ። ስድስት ነበርን፣ የቀረነው ሁለት ነን። ሁለቱ ከግንባር አልተመለሱም። እነሱ የዘፈኑት በዚህ በኩል ነው ያለፈው።»

ምን ልበል? ለዓመታት ክፍል ውስጥ ስለ ደርግ ዘመን ሳስተምር የእነዚህን ልጆች ስም አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። በየትኛው መጽሐፍ ላገኘው!

ሰርጉ ላይ ተጫወቱ። ጣታቸው ሁለት ቦታ ሳተ፣ ማንም ግድ አልሰጠው። አሮጌው ፒክአፕ አሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው፤ ቀፎው ላይ የስድስቱን ስም በእጃቸው ጻፉበት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ቦንጋ ያላችሁ፦ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ኪነት ውስጥ ከነበሩ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ፎቶ ካላቸው ከጀርባው ስም አጽፉበት። ፒክአፕ ምትክ አለው፣ ሰው ግን የለውም።