የተተከለ ጥርስ ሲነቃነቅ

የተተከለው ጥርስዎ ሲነቃነቅ «ከእንግዲህ የሚወልቅ ጥርስ ሊደረግልኝ ነው» ብለው ሰግተው ይሆናል። ተከላው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የገባ የቲታኒየም ብሎንና ከላዩ የታሰረ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። አንዳንዴ የሚላላው የላይኛው ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ መልሶ ያጠብቀዋል። የላላው የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራና በራጅ ነው፤ በጣትዎ አይነቅንቁት።

ድድዎ ካበጠ፣ ሲቦርሹ ከደማ ወይም መግል ካወጣ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ሕመም እስኪጀምር አይጠብቁ። ሲጋራና ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ ያባብሱታል። ፊትዎ ካበጠ ከነትኩሳቱ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ቸሃ እየኖሩ ተከላውን አዲስ አበባ አሠርተው ከሆነ፣ ለተከለልዎት ሐኪም ይደውሉና የብሎኑን ዓይነትና መጠን ያስጽፉ። ያ ወረቀት ከሌለ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የሚያዩት ሐኪም የሚገጥመውን መፍቻ ለማግኘት ይቸገራል። እስከዚያ በሌላው በኩል ያኝኩ፤ ቆሎና ደረቅ ቆጮ ይቆዩ፣ አይብና ጎመን አያስቸግሩም።

ብሎኑ ቢወጣ እንኳ አጥንቱ በወራት ውስጥ ካገገመ በኋላ ብዙውን ጊዜ እንደገና መትከል ይቻላል፤ አለዚያም በአጠገቡ ባሉት ጥርሶች ላይ ድልድይ ይሠራል። የሚወልቀውን ቢመርጡም የሚተካው የጎደለውን ብቻ ነው፤ ሙሉው የሚሠራው ጥርስ ላልቀረለት ሰው ነው።