በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነካው አበል

ዲሴምበር 10 ቀን 2013 ሁለት የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ጎን ለጎን ቆመው መግለጫ ሰጡ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዷ የሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ዴሞክራቷ ፓቲ መሬይ፣ ሌላው የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሪፐብሊካኑ ፖል ራያን ነበሩ። በኦክቶበር ወር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጀት ሳይጸድቅላቸው ቀርቶ ለ16 ቀናት ተዘግተው ነበርና የሁለቱ ወገኖች መስማማት ብቻውን እንደ ትልቅ የምሥራች ተወራ። ሰነዱን ገልጠው ያነበቡ የሠራዊት ጡረተኞች ያገኙት ግን ሌላ ነበር። ዕድሜያቸው 62 ያልሞላ የሠራዊት ጡረተኞች በየዓመቱ የሚታከልላቸው የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ከዋጋ ንረቱ በአንድ በመቶ ዝቅ እንዲል ተወስኗል።

በዚያ አገር 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር ዕድሜው ምንም ይሁን ምን አበሉን ወዲያው መቀበል ይጀምራል። በ18 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው በ38 ዓመቱ ጡረተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንድ በመቶ በአፍ ሲነገር ትንሽ ናት። በወር 2,000 ዶላር አበል ያለውን ሰው እንውሰድ። የኑሮ ውድነት በዓመት 2 በመቶ ቢጨምርና አበሉም በዚያው ልክ ቢስተካከል፣ ከ20 ዓመት በኋላ ወርኃዊ አበሉ ወደ 2,970 ዶላር ይደርሳል። ማስተካከያው 1 በመቶ ብቻ ከሆነ 2,440 ዶላር ላይ ይቀራል። በወር 530 ዶላር የሚጎድለው ገበያው ሳይረክስለት፣ ጉልበቱም እየደከመ በሄደበት ዕድሜ ነው። ሕጉ ሰውየው 62 ዓመት ሲሞላው አበሉን ወደ ትክክለኛው ልክ እንደሚመልስ ይናገር ነበር፤ በመካከል የጎደለውን ግን አይተካም ነበር። የጦር መኮንኖች ማኅበር ባወጣው ስሌት በ40 ዓመቱ ጡረታ የወጣ አንድ የበታች ሹም እስከ 62 ዓመቱ ድረስ 83,000 ዶላር ገደማ ያጣል።

ድርድሩ በሁለት ሳምንት ገደማ ሕግ ሆነ። የተወካዮች ምክር ቤት 332 ለ94፣ ሴኔቱ 64 ለ36 አጸደቁት፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ዲሴምበር 26 ፈረሙበት። በአሥር ዓመት ይቆጠባል የተባለው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጥድፊያው ምን ያህል እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው፤ ቅነሳው በጦር ሜዳ አካላቸው ጎድሎ በሕክምና ምክንያት ጡረታ የወጡትን ጭምር ይነካ ነበር።

ቁጣው ጎርፍ ሆነ። የጡረተኞች ማኅበራት፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ዘማቾች፣ ባሎቻቸው ገና በግዳጅ ላይ የነበሩ ሚስቶች የምክር ቤት አባላትን ቢሮ በስልክና በደብዳቤ አጨናነቁ። የቅነሳው ደጋፊዎች ለሠራዊቱ የሰው ኃይል የሚወጣው ገንዘብ ለሥልጠናና ለመሣሪያ የሚሆነውን እየተሻማ ነው፤ በ40 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ሊኖር ይችላል አሉ። ክርክሩ ፍሬ የለውም አይባልም። ነገ ለሚቀጠር ሰው አዲስ ውል ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ አምስትና ስድስት ጊዜ ዘምቶ ውሉን ከፈጸመ ሰው ላይ መቀነስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጡረተኛው ያገለገለውን ዓመት መልሶ ሊወስድ አይችልም።

የአሜሪካ ዘማቾች ይህን የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ታሪኩ ከአገሪቱ ምሥረታ ጋር እኩል ዕድሜ አለው።

በነጻነቱ ጦርነት ወቅት በ1780 ኮንግረሱ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ለሚያገለግሉ መኮንኖች ዕድሜ ልካቸውን የደመወዛቸውን ግማሽ ሊከፍል ቃል ገባ። ቃሉን ሲገባ ግን ካዝናው ባዶ ነበር፤ ግብር የመጣል ሥልጣንም አልነበረውም። በ1783 መጀመሪያ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በኒውበርግ ሰፈር የነበሩ መኮንኖች ያለ ክፍያ ሊበተኑ መሆኑ ገባቸው። ሠራዊቱን በኮንግረሱ ላይ የሚያነሳሳ ስም የለሽ ደብዳቤ በሰፈሩ ተሰራጨ። ማርች 15 ጆርጅ ዋሽንግተን ራሳቸው ስብሰባው ላይ ተገኝተው መኮንኖቹን አረጋጉ። ከሳምንት በኋላ ኮንግረሱ በስምምነት ዕድሜ ልክ የተባለውን ወደ አምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ለወጠው። ያም ቢሆን የተከፈለው በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ወለድ ይወልዳል የተባለ የዕዳ ወረቀት ነበር። የቸገረው ወረቀቱን ከዋጋው በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ ለነጋዴ ሸጠ። በ1790 መንግሥት ዕዳውን በሙሉ ዋጋው ለመክፈል ሲወስን ትርፉ የሄደው በብዛት ወረቀቱን ለሰበሰቡት ነጋዴዎች ነው። በዚያው በ1783 ጁን ወር 400 ገደማ ወታደሮች ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ሊጠይቁ ፊላዴልፊያ ያለውን የመንግሥት አዳራሽ ከበቡ፤ ኮንግረሱም ከተማዋን ለቆ ወደ ፕሪንስተን ሄደ።

ከሁሉ አንጀት የሚበላው ግን የ1820ው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወጥቶ የነበረው ሕግ ዘጠኝ ወር ያገለገለና የተቸገረ የነጻነት ጦርነት ዘማች ተራ ወታደር ከሆነ በወር 8 ዶላር፣ መኮንን ከሆነ 20 ዶላር እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። አመልካቹ ከተገመተው በላይ በዛ። በዚህ ላይ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና የመንግሥት ገቢ ቀነሰ። ኮንግረሱ ያገኘው መላ እያንዳንዱ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ቀርቦ ድህነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነበር። ከለበሰው ልብስና ከሚተኛበት አልጋ ልብስ በቀር ያለው ሁሉ ይመዘገባል። መዝገቦቹ ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ አንድ ላም፣ አንድ የብረት ድስት፣ ጥቂት ወንበርና ሳህን፣ የማይከፈል ዕዳ፣ በሽተኛ ሚስት እየተባለ በሰባ ዓመት አዛውንት ቃል የተጻፈ ዝርዝር ነው። በወጣትነቱ ለአገር የተዋጋ ሰው በሽምግልናው ጎረቤቶቹ በሚያውቁት ዳኛ ፊት ድስቱን እየቆጠረ ማሳየት ነበረበት። ጥሪት አላቸው የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ከመዝገብ ተሰረዙ። በ1823 ከተሰረዙት አንዳንዶቹ እንዲመለሱ ተፈቀደ፤ በዚያ መካከል ግን ሦስት ክረምት አልፏል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ተራው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ሆነ። እነሱ ግንባር ላይ ሳሉ አገር ቤት የቀረው ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ነበር፤ የጠየቁትም የዚያን ልዩነት ማካካሻ ነው። በ1922 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ሕጉን ሳይፈርሙ መለሱት። በ1924 ፕሬዚዳንት ኩሊጅም መለሱት፤ በዚህ ጊዜ ግን ምክር ቤቶቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቁት። አገር ውስጥ ላገለገለ በቀን 1 ዶላር፣ ባሕር ማዶ ለዘመተ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተሰላለት። በጀቱን ላለመንካት ሲባል ግን ከ50 ዶላር በላይ የሚደርሰው ሰው በእጁ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ነበር፤ የሚከፈለውም በ1945 ነው። ከዚያ በፊት ሙሉውን የሚያገኘው ሲሞት ወራሹ ብቻ ነበርና ዘማቾቹ የመቃብር ድንጋይ ጉርሻ ብለው ጠሩት። በእኛ አነጋገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የ1929ው የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ሥራ ጠፋ፤ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ወደቁ። በ1932 ሜይ ወር ዋልተር ዋተርስ የሚባል ሥራ የፈታ የቀድሞ ሳጅን ከፖርትላንድ ኦሬጎን ዘማቾችን አስከትሎ በዕቃ ጭነት ባቡር ወደ ዋሽንግተን ተነሳ። ወሬው ከግዛት ግዛት ተዛመተና በጁን ወር ከተማዋ በሺዎች በሚቆጠሩ ዘማቾች ተሞላች፤ ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ይዘው ነበር የመጡት። ትልቁ ሰፈር የተተከለው በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው ረግራጋ ሜዳ ላይ ነው። ከቆሻሻ መጣያ በተለቀመ ጣውላ፣ ቆርቆሮና ካርቶን ጎጆ ተቀለሰ። መንገዶቹ ስም ወጣላቸው፤ መጠጥና ልመና ተከለከለ፤ የራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው፤ ጠዋት ባንዲራ ይሰቀል ነበር። ሠራዊቱ ጥቁርና ነጭን ለይቶ ባዘመተበት፣ ዋና ከተማዋም ለይታ በምታኖርበት ዘመን በዚያ ሰፈር ጥቁርና ነጭ ዘማቾች ጎን ለጎን ኖሩ፤ ከአንድ ድስት በሉ።

ጁን 15 የተወካዮች ምክር ቤት ገንዘቡ አሁኑኑ እንዲከፈል ወሰነ። ከሁለት ቀን በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በካፒቶል ሕንፃ ዙሪያ ሲጠብቁ ሴኔቱ ሐሳቡን 62 ለ18 ጣለው። ዋተርስ ውጤቱን ሲነግራቸው ድንጋይ አልወረወሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው የአገር ፍቅር መዝሙር ዘመሩና ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ።

ጁላይ 28 ፖሊሶች አንዳንዶቹ ያደሩበትን የመንግሥት ሕንፃ ሊያስለቅቁ ሲሉ ግርግር ተነሳ፤ ዊሊያም ሁሽካና ኤሪክ ካርልሰን የተባሉ ሁለት ዘማቾች በፖሊስ ጥይት ተመቱና ሞቱ። ሁሽካ ከሊቱዌኒያ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ አሜሪካ ጦርነት ስትገባ በሴንት ሉዊስ የነበረውን ሥጋ ቤት ሸጦ ነው የዘመተው። ፕሬዚዳንት ሁቨር ሠራዊቱን አዘዙ። ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር እግረኛ፣ ፈረሰኛና ታንክ አሰልፈው በአስለቃሽ ጭስ ሕዝቡን ነዱት፤ ድልድዩን ተሻገሩና የአናኮስቲያ ሰፈር በዚያች ሌሊት በእሳት ጋየ። በመንግሥት ጥይት የሞተው ሁሽካ በአርሊንግተን ብሔራዊ የጀግኖች መቃብር በክብር ተቀበረ።

ሁቨር በምርጫ ተሸነፉ። የተተኳቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በጀትን ማመጣጠን ከሚሹት ወገን ነበሩ። ሥልጣን በያዙ በ16ኛው ቀን፣ ማርች 20 ቀን 1933፣ የቁጠባ ሕግ የተባለውን ፈረሙ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እስከ 15 በመቶ ተቀነሰ፣ የዘማቾች አበልም በብርቱ ተቆረጠ። በሜይ ወር ሁለተኛ የዘማቾች ስብስብ ሲመጣ ግን ድንኳንና ምግብ ተዘጋጀለት፤ ቀዳማዊት እመቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ጭቃውን ረግጠው ሄደው አነጋገሯቸው፤ ብዙዎቹም ደን በማልማት ሥራ ተቀጠሩ። አያያዙ መለወጡ ቀላል ነገር አይደለም። የተቆረጠው አበል ግን በዚያ አልተመለሰም። በማርች 1934 ምክር ቤቶቹ የፕሬዚዳንቱን እምቢታ ሽረው ከተቆረጠው ከፊሉን መለሱ። በጃንዋሪ 1936 እንደገና ሽረው የ1945ቱ ገንዘብ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ እንዲከፈል አደረጉ፤ በዚያ ክረምት ፖስተኞች የ50 ዶላር የቦንድ ወረቀቶችን በየቤቱ አደረሱ። የ1944ቱ የተመላሽ ዘማቾች ሕግ ትምህርትን፣ የቤት ብድርንና የሥራ አጥ ድጎማን አሟልቶ ሲወጣ የአናኮስቲያን እሳት ያስታወሱ ሰዎች በምክር ቤቱም በማኅበራቱም ነበሩ።

ሕግ አውጪዎቹም ከዚህ ትምህርት ወሰዱ፤ የወሰዱት ትምህርት ግን የሚጮህ ሰው የሌለበትን ቦታ መምረጥ ነበር። በ1986 የ20 ዓመት አገልጋይ ጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዙ ግማሽ ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ የኑሮ ማስተካከያውም ከዋጋ ንረቱ በአንድ በመቶ እንዲያንስ ተደረገ። ተቃውሞው የዘማቾቹን ያህል አልነበረም፤ ሕጉ የሚነካው ከዚያ ዓመት ኦገስት 1 ጀምሮ የሚቀጠሩትን ብቻ ነበርና። ገና ያልተቀጠረ ሰው ማኅበር የለውም። እነዚያ ወጣቶች አድገው በ1990ዎቹ መጨረሻ የአገልግሎታቸውን አጋማሽ ሲያልፉ የጦር አዛዦች ልምድ ያለው ሰው እየለቀቀን ነው ብለው አቤት አሉ፤ በ1999 ምክር ቤቱ የቀድሞውን ሥርዓት መምረጥ እንዲችሉ አደረገ። የ2013ቱ ድርድር ያችኑ አንድ በመቶ ነበር ከፋይሉ ያወጣት። የዚህ ጊዜው ስህተት ሰዎቹ ጡረታ ወጥተው ስልክ መደወል የሚችሉ መሆናቸው ነው።

ስለዚህም ቅነሳው ሁለት ወር አልሞላውም። በጃንዋሪ 2014 በሕክምና ጡረታ የወጡት ነጻ ወጡ። በፌብሩዋሪ የተወካዮች ምክር ቤት 326 ለ90፣ ሴኔቱ 95 ለ3 በሆነ ድምፅ ቅነሳውን ሻሩት። 64 ድምፅ ያጸደቀውን በ95 ድምፅ የሻረው ያው ሴኔት ነው። ስረዛው ግን ያገለገለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 በፊት ሠራዊቱን ለተቀላቀሉ ብቻ ነው።

በዚያው የዲሴምበር 2013 ስምምነት ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ አንቀጽም ነበር። ከ2013 በፊት የተቀጠረ አብዛኛው የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛ ለጡረታው ከደመወዙ 0.8 በመቶ ያዋጣል፤ በ2013 የተቀጠረ 3.1 በመቶ፤ ከ2014 ጀምሮ የሚቀጠር ደግሞ 4.4 በመቶ እንዲያዋጣ ተወሰነ። ጡረታው አንድ ዓይነት ነው። በዓመት 50,000 ዶላር በሚከፈልበት ሥራ ላይ ቀድሞ የገባው 400 ዶላር፣ ዘግይቶ የገባው 2,200 ዶላር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ይህን ልዩነት በደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያዩታል። የዘማቾቹ ቅነሳ በፌብሩዋሪ 2014 ሲሻር ይህኛው አንቀጽ አልተነካም።