የጃፓን ማዘጋጃ ቤቶችና የአረጋውያን መጦሪያ ቁጥጥር

በጃፓን የአረጋውያን እንክብካቤ በቅድሚያ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው። ዓረቦን የሚሰበስበው፣ ማን ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚወስነው፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ስንት የመጦሪያ አልጋ እንደሚከፈት የሚያቅደው፣ ለትንንሾቹ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠውና መዝገባቸውን የሚያገላብጠው ይኸው የአካባቢ መስተዳድር ነው። መሠረቱ በዲሴምበር 1997 የወጣውና ከኤፕሪል 1 ቀን 2000 ጀምሮ የሚሠራበት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ ነው (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የቶኪዮን 23 ልዩ ወረዳዎች ጨምሮ ከ1,700 የሚበልጡ ከተሞችና መንደሮች፣ አንዳንዶቹ ለብቻቸው፣ ሌሎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጣምረው፣ መድን ሰጪ ሆነው ይሠራሉ። ከሕዝቡ 29 በመቶ ያህሉ 65 ዓመት የሞላው በመሆኑ ሸክሙ ከባድ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው የተረጋገጠላቸው ሰዎች 2.18 ሚሊዮን ነበሩ፤ ዛሬ 7 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል።

ከምራት ትከሻ ወደ ማዘጋጃ ቤት

በጃፓን ለረጅም ዘመን የአረጋዊ ጧሪ የበኩር ልጅ ሚስት ነበረች። በ1963 የወጣው የአረጋውያን ደኅንነት ሕግ «ቶኩዮ» በሚል አጭር ስም የሚጠሩትን ልዩ የመጦሪያ ቤቶች ፈጠረ። ማን እንደሚገባ ግን የሚወስነው ሹም ነበር። አረጋዊው ቤቱን አይመርጥም፤ ይመደባል። መጦሪያ መግባት ጧሪ እንዳጣ ሰው ያስቆጥር ስለነበር ብዙ ቤተሰብ አማራጩን ይሸሸው ነበር።

በ1973 መንግሥት ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሰዎች ሕክምናን ነፃ ሲያደርግ ነገሩ ባልታሰበ በኩል ዞረ። ሆስፒታል መተኛት አያሳፍርም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ስለዚህ ሕክምና የማያስፈልጋቸው የአልጋ ቁራኞች ወራት አልፎም ዓመታት በሆስፒታል መቆየት ጀመሩ። ጃፓኖች ይህን «ማኅበራዊ መኝታ» አሉት። በሽታው እርጅና፣ መድኃኒቱም ማደሪያ ነበር።

«የወርቅ ዕቅድ» የተባለው የ1989 የአሥር ዓመት መርሐ ግብር ከዚህ ለመውጣት የተደረገ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ነው። ለቶኩዮ 240,000 አልጋ፣ ለቤት ለቤት አገልግሎት ደግሞ 100,000 ረዳቶች ግብ ተደረጉ። በማግሥቱ ዓመት የተሻሻለው ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የራሱን የአረጋውያን ዕቅድ እንዲያወጣ አስገደደ። እስከዚያ ከበላይ የወረደለትን ትእዛዝ ሲፈጽም የኖረው የመንደር ጸሐፊ፣ በመንደሩ ስንት የአልጋ ቁራኛ እንዳለና ከእነርሱ ስንቱ ብቻውን እንደሚኖር መቁጠር ነበረበት። የ2000ው መድን ሲመጣ ምደባው ቀርቶ በውል ተተካ፤ አረጋዊው የሚፈልገውን አገልግሎት ሰጪ የመምረጥ መብት አገኘ።

አልጋ በጎረቤት ሒሳብ

የመድኑ ገንዘብ ግማሹ ከግብር፣ ግማሹ ከዓረቦን ይመጣል። ከአጠቃላይ ወጪው 12.5 በመቶ የሚሸፈነው ከማዘጋጃ ቤቱ በጀት ነው። ዓረቦኑን ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ ይከፍላል፤ 65 ዓመት ከሞላቸው ነዋሪዎች የሚሰበሰበው 23 በመቶውን ይሸፍናል፣ የአብዛኞቹም በቀጥታ ከጡረታቸው ይቆረጣል። ተጠቃሚው ለሚያገኘው አገልግሎት ከዋጋው 10 በመቶ ይከፍላል፤ ገቢው ከፍ ያለ 20 ወይም 30 በመቶ።

የቁጥጥሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የአረጋውያኑን ዓረቦን በየሦስት ዓመቱ ደንብ አውጥቶ የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ስለሆነ፣ አዲስ መጦሪያ ቤት በተከፈተ ቁጥር ወጪው በዚያው ከተማ በሚኖሩ ጡረተኞች ላይ ይወርዳል። አልጋ ለጠየቀው ቤተሰብ እፎይታ፣ ለጎረቤቱ ደግሞ የወር ክፍያ ነው። በ2000 በአማካይ 2,911 የን የነበረው ወርኃዊ ዓረቦን ከ2024 እስከ 2026 ላለው ዘመን 6,225 የን ሆኗል። በዚሁ ዘመን ከፍተኛውን የምታስከፍለው ኦሳካ ናት፣ 9,249 የን፤ ብቻቸውን የሚኖሩና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አረጋውያን በብዛት ይገኙባታል። ዝቅተኛው 3,374 የን ሲሆን ከቶኪዮ በስተደቡብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመርከብ አንድ ቀን የምታስኬደው የኦጋሳዋራ ደሴቶች መንደር ክፍያ ነው።

አልጋው እንዴት ይቆጠራል?

ቆጠራው ከአንድ ቤት ሳሎን ይጀምራል። አረጋዊው ወይም ቤተሰቡ ሲያመለክት መርማሪ መጥቶ 74 ጥያቄዎች ያሉበትን ቅጽ ይሞላል፦ አልጋ ላይ መገላበጥ ይችላሉ? ጥፍርዎን ይቆርጣሉ? የተወለዱበትን ቀን ያስታውሳሉ? ኮምፒውተር መልሱን ወደ እንክብካቤ ሰዓት ይመነዝረዋል፤ ከዚያም የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች የተሰየሙበት ኮሚቴ የሐኪም አስተያየት ጨምሮ ደረጃ ይሰጣል። ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ ቀላል ድጋፍ ለሚሹ፣ አምስቱ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ በየደረጃው ያሉትን ነዋሪዎች ቁጥር ይዞ የሦስት ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ክፍለ ሀገሩ የከተሞቹን ዕቅዶች ያቀናጃል። 30 እና ከዚያ በላይ ሰው ለሚይዙ ቶኩዮዎች ፈቃዱ በክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ወይም በትልልቅ ከተሞች ከንቲባዎች እጅ ነው። ሊከፈት የታሰበው ቤት በዕቅዱ ከተቀመጠው የአልጋ ቁጥር የሚያስበልጥ ከሆነ ባለሥልጣኑ ፈቃድ የመከልከል መብት አለው። ከ2006 ጀምሮ 29 ሰው ድረስ የሚይዙ ትንንሽ ቶኩዮዎችና የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሆነው እንደ ቤተሰብ የሚኖሩባቸው የጋራ ቤቶች በማዘጋጃ ቤቱ ሥር ሆነዋል። በእነዚህ የሚስተናገዱት በመርህ ደረጃ የዚያው ከተማ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው።

ልጓሙ ጠበቅ ባለ መጠን ሰልፉ ይረዝማል። በ2014 ይፋ የሆነው የቶኩዮ ተጠባባቂዎች ቁጥር 524,000 ያህል ነበር። መንግሥት ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ መግባት የሚችሉት በመርህ ደረጃ በሦስተኛውና ከዚያ በላይ ባለው የእንክብካቤ ደረጃ ያሉ ብቻ እንዲሆኑ ወሰነ። በ2022 በእነዚህ ደረጃዎች የሚጠባበቁት 253,000 ያህል ሆነው ተቆጠሩ። ሰልፉ በከፊል ያጠረው የሚቆጠረው ሰው ስለተቀነሰ ነው።

ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት

በማርች 2009 በጉንማ ክፍለ ሀገር ሺቡካዋ ከተማ «ታማዩራ» የተባለ መኖሪያ በእሳት ተቃጥሎ 10 ሰዎች ሞቱ። ቤቱ በመጦሪያ ቤትነት አልተመዘገበም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በቶኪዮ የሱሚዳ ወረዳ ድጎማ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ በዋና ከተማዋ ቦታ ስላልተገኘላቸው ከወረዳቸው ርቀው ሌላ ክፍለ ሀገር ገብተዋል። አደጋው የአልጋ ገደቡን ሌላ ገጽታ አጋለጠ፤ በዕቅዱ ያልተያዘ ሰው የትም አይጠፋም፣ ተቆጣጣሪ ወደማያየው ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ ያልተመዘገቡ ቤቶች በመላ አገሪቱ እንዲፈተሹ ታዘዘ። በ2010 ደግሞ መሬት ውድ በሆነባቸው ከተሞች እስከ 20 ሰው የሚይዙ አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ቤቶች ተፈቀዱ።

የቶኪዮው የሱጊናሚ ወረዳ ሌላ መንገድ መረጠ። በኢዙ ባሕረ ገብ መሬት ደቡብ ጫፍ ከምትገኘው ከሚናሚ ኢዙ ከተማና ከሺዙኦካ ክፍለ ሀገር ጋር ተስማምቶ በዚያ 90 አልጋ ያለው ቶኩዮ እንዲሠራ አደረገ፤ ቤቱ በማርች 2018 ተከፈተ። ተቀባይዋ ትንሽ ከተማ የቶኪዮን አረጋውያን ወጪ ለምን ትሸከማለች የሚለው ጥያቄ በመድን ሕጉ ቀድሞ ተመልሷል። አንድ ሰው መጦሪያ ቤት ለመግባት ሲል አድራሻ ቢቀይርም መድን ሰጪው የለቀቀው ከተማ ሆኖ ይቀጥላል። ይህ አንቀጽ ባይኖር መጦሪያ የበዛባቸው የገጠር ከተሞች በሌላ ከተማ አረጋውያን ምክንያት ዓረቦናቸው በናረ ነበር።

ፈቃድና ፍተሻ

ፈቃድ በየስድስት ዓመቱ ይታደሳል። በቶኩዮ ለሦስት ነዋሪዎች ቢያንስ አንድ የእንክብካቤ ወይም የነርስ ሠራተኛ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ፈታሾች በቅድሚያ የሚጠይቁት የፈረቃ ሰሌዳውን ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም በሥራ ላይ ካልተገኘ፣ ወይም የአረጋዊው የእንክብካቤ ዕቅድ ሳይሠራ ክፍያ ከተጠየቀበት፣ እርምጃው ከምክር ተነሥቶ ወደ ማሳሰቢያ፣ ወደ ትእዛዝ፣ ወደ ዕገዳ፣ በመጨረሻም ፈቃድ እስከ መሰረዝ ይሄዳል። በኤፕሪል 2006 ሥራ ላይ የዋለው የአረጋውያን ጥቃት መከላከያ ሕግም ጥቃት ያየ የመጦሪያ ቤት ሠራተኛ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያስታውቅ ግዴታ ጥሎበታል።

የፍተሻው ክፍተት ጎልቶ የወጣው በ2007 ነው። ከአገሪቱ ትልልቅ የእንክብካቤ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ኮምስን የሠራተኞቹን ቁጥር አሳስቶ ፈቃድ ማውጣቱ ተደረሰበት። ኩባንያው ግን ፈቃዱ ሊሰረዝ ሲል ቅርንጫፉን በገዛ እጁ «ዘግቻለሁ» እያለ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚፈትሹ መስተዳድሮች አገር አቀፍ ድርጅትን መጨበጥ አልቻሉም። በዓመቱ የተሻሻለው ሕግ ዋና መሥሪያ ቤትን የመፈተሽ ሥልጣን ሰጠ፤ የሚዘጋ ድርጅትም አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ደንበኞቹ አገልግሎት ሳይቋረጥባቸው ወደ ሌላ እንዲሸጋገሩ እንዲያደርግ አስገደደ።

ከመጦሪያው ደጅ ውጭ

አልጋ ውድ ከሆነ ርካሹ መንገድ አረጋዊው አልጋ ሳያስፈልገው እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ከመድኑ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ተፈትኗል። በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር በሚትሱጊ የሕዝብ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ያማጉቺ ኖቦሩ፣ ድነው ወደ ቤት የሸኟቸው በሽተኞች ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሲመለሱ አዩ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነርሶችን ወደየቤቱ መላክ ጀመሩ፤ በኋላም የከተማውን የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ከሆስፒታሉ ጋር በአንድ አመራር ሥር አዋሉ። «ማኅበረሰብ አቀፍ የተቀናጀ እንክብካቤ» የሚለው ስም ከዚያ ወጥቶ የአገሪቱ ፖሊሲ መጠሪያ ሆነ።

ይህን ፖሊሲ መሬት የሚያስነኩት በ2006 የተጀመሩት የአካባቢ ድጋፍ ማዕከላት ናቸው። ዛሬ ከ5,000 ይበልጣሉ። በእያንዳንዳቸው የማኅበረሰብ ጤና ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና ልምድ ያለው የእንክብካቤ አስተባባሪ አብረው ይቀመጣሉ። የሥራ ክልላቸው በግምት አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያገለግለው ሰፈር ነው፤ አገልግሎቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ የታሰበ ነው።

ከተሞች የየራሳቸውን ዘዴም አፍልቀዋል። ኮቺ ከተማ በ2002 ያወጣችው የወንበር ስፖርት፣ አረጋውያን እጅና እግራቸው ላይ እስከ 2.2 ኪሎ ግራም የሚደርስ ክብደት አስረው በዝግታ የሚሠሩት፣ በብዙ ከተሞች ተዛምቷል። የሚመሩት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የሚኢኬ የድንጋይ ከሰል ማዕድኗ በ1997 የተዘጋባት ኦሙታ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የመርሳት ሕመም ኖሮበት መንገድ የጠፋበት ሰው ፍለጋ ልምምድ ታካሂዳለች። አንድ ሰው እንደጠፋ ሆኖ በከተማው ይዞራል፤ የመጥፋቱ መልእክት የደረሰው ነዋሪ ቀርቦ ሰላም ብሎ ማነጋገርን ይለማመዳል።

የቶያማ ከተማ ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ ቁጥጥር ራሱ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ነው። በ1993 የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሥራቸውን የለቀቁ ሦስት ነርሶች አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ሕፃናትን በአንድ ቤት የሚያውል «ኮኖ ዩቢ ቶማሬ» የተባለ የቀን መዋያ ከፈቱ። ድጎማው በሦስት የተለያዩ ሣጥኖች የተከፋፈለ ስለነበር ለሦስቱም የሚሆን ቤት ለየትኛውም ሣጥን አልገጠመም። የአካባቢው መስተዳድር ቀስ በቀስ ደንቡን አላላ፤ በ2003 በልዩ ቀጠና ተፈቀደ፤ በ2018 «የአብሮ መኖር» አገልግሎት ተብሎ አገር አቀፍ ዕውቅና አገኘ።

ሁሉም ለውጥ ጭብጨባ አላገኘም። ቀላል ድጋፍ የሚሹ አረጋውያን የቤትና የቀን አገልግሎት እስከ ኤፕሪል 2017 ድረስ ከአገር አቀፉ ጥቅም ወጥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት መርሐ ግብር ሲዛወር፣ ተቺዎች ባለሙያን በበጎ ፈቃደኛ የመተካት ቁጠባ ነው አሉ። አረጋውያንን አጠንክሮ ከእንክብካቤ «በማስመረቅ» የታወቀችው የሳይታማዋ ዋኮ ከተማም በአንድ ወገን አርአያ ስትባል፣ በሌላ ወገን ተመራቂው በእርግጥ በርትቶ ነው ወይስ ተገፍቶ የሚል ጥያቄ ተነሥቶባታል።

እጅ ያነሰበት ዕቅድ

አሁን ደግሞ ቆጠራው ራሱ መልኩን እየለወጠ ነው። በ2022 2.15 ሚሊዮን ያህል የነበሩት የእንክብካቤ ሠራተኞች በ2040 2.72 ሚሊዮን መድረስ እንዳለባቸው የጤና ሚኒስቴሩ ገምቷል፤ ልዩነቱ 570,000 ነው። የሦስት ለአንዱ ደንብ ስለሚይዛቸው፣ ሠራተኛ ያጡ ቶኩዮዎች ሰልፈኛ እያለ የተነጠፈ አልጋ ዘግተው ይቀመጣሉ። ከ2008 ጀምሮ በስምምነት ከኢንዶኔዥያ፣ ቀጥሎም ከፊሊፒንስና ከቬትናም ሠራተኞች ይመጣሉ፤ በ2019 የተጀመረው የልዩ ሙያ ቪዛ በሩን የበለጠ ከፍቶታል። በተራራማ መንደሮች አረጋዊው ራሱ እየቀነሰ ስለሆነ የዕቅድ አውጪዎች ጥያቄ የትኛውን ቤት እንክፈት ከሚለው የትኛውን እናጣምር ወደሚለው ዞሯል፤ በቶኪዮና በአካባቢዋ ግን 75 ዓመት ያለፋቸው ነዋሪዎች ቁጥር ገና ይጨምራል። ዘጠነኛው የሦስት ዓመት ዕቅድ በማርች 2027 ያበቃል። ለአሥረኛው በየማዘጋጃ ቤቱ የሚሞላው ሠንጠረዥ ከአልጋው ቁጥር ጎን አልጋውን የሚያነጥፉትን እጆችም ማስላት ይኖርበታል።