የጋፋት ሙሽራ

ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት መንደር፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ የባዕድ አገር ሰው መኖሪያ የሚያገኘው ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ሳይሆን በፈቃደ ንጉሥ፣ በእደ ጥበብና በጋብቻ ነበር። ከባዝል አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማኅበር ለስብከት የመጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859፣ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ሱዛንን አገባ፤ ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከቱ ይልቅ መድፉን አጥብቀው ይሹ ስለ ነበር፣ እርሱና ባልንጀሮቹ ሰባኪያን ብረት አቅላጭ ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አበጁ።

በ1860 ዓ.ም. ያ ከባድ መድፍ በጋይንት አድርጎ፣ የጨጨሆን ዳገት ወጥቶ ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ ሙያተኞቹም ከነቤተሰባቸው አብረው ተጓዙ። በሚያዝያ ወር ንጉሡ ባለፉ ጊዜ የኑሯቸው ዋስትና አብሮ ፈረሰና የእንግሊዝ ጦር ከአገር ይዟቸው ወጣ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መድፉ ብዙ ሲሉ ስለ ሱዛን ጥቂት መናገራቸው ያሳዝነኛል፤ ለባሏ ቤተኛነትን ያስገኘች ሴት፣ እርሱ ሥራ ባጣ ጊዜ፣ እርሷ በተራዋ መጻተኛ ሆነችና። ዋልድማየር በሊባኖስ ሥራ አገኘ፤ በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተራራማዋ ብሩማና ትምህርት ቤት ሲመሠርት፣ ሱዛን ከጎኑ ነበረች።